እኅቴ የጠጣችው ቅጠል

ታላቅ እኅቴ አስመራ ውስጥ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመት አማርኛ አስተምራለች። ነጻነት መጥቶ አማርኛ ከትምህርት ቤት ሲወጣ እሷን አላባረሯትም፤ ዕቃ ግምጃ ቤት አስገቧት። ጠመኔና ደብተር እየቆጠረች ታድል ጀመር። በትግርኛ ለማስተማር ለምን እንዳላመለከተች ብጠይቃት፣ "ሰዋስው የማውቀው በአማርኛ ነው። በእናቴ ቋንቋ ማውራት እንጂ ማስተማር አልተማርኩም። ልጆቹን ላበላሻቸው?" አለችኝ።

እኔ አዲስ አበባ ፋርማሲ ተምሬ፣ እዚያው ጥቂት ሠርቼ፣ ነጻነት በመጣ ማግሥት ተመለስኩና በአንድ ሆስፒታል መድኃኒት ቤት ተቀጠርኩ። ጊዜው አውቶቡስ ውስጥ አማርኛ መናገር የሚያስገላምጥበት ጊዜ ነበር። ቤታችን ውስጥ ግን ቀልዱና ስድቡ በትግርኛ፣ ከባድ ከባዱ ነገር በአማርኛ ነበር። ለምን እንደዚያ እንደሆነ አላውቅም። ሁለታችንም ማሰብን የተማርነው በትምህርት ቤት ቋንቋ ስለሆነ ይሆናል። ስለዚህ "አንገቴ ላይ አንድ ነገር አለ" ብላ የነገረችኝ በአማርኛ ነው።

ጣቴን ይዛ አስነካችኝ። ከትከሻዋ አጥንት በላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል፣ ስትነካ የማታም ጠጣር ነገር ነበረች። የጥርስ ንፍፊት ነው አልኳት። እንደዚያ ያልኳት ራሴን ለማረጋጋት ነበር፤ የሚያም ንፍፊት ያን ያህል እንደማያሰጋ፣ የማያመው ግን እንደሚያሰጋ ተምሬአለሁ። ከሁለት ወር በኋላ የእርግብ እንቁላል አከለች፤ ከጎኗም ሌላ ወጣች።

ሆስፒታላችን ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሐኪም ነበሩ። ከእብጠቱ ቆርጠው ናሙናውን አዲስ አበባ ላኩት፤ ውጤቱ ሲመጣ እኔን ብቻዬን ጠሩኝ።

"የንፍፊት ካንሰር ነው" አሉኝ። ቀጥለውም ፈገግ አሉ፤ ያ ፈገግታ ያኔ ገረመኝ። "ስማኝ ልጄ። ከካንሰር ሁሉ መርጠህ ያዝ ብትባል ይሄንን ነው የምትመርጠው። የሚድን ነው። መድኃኒቱ ካለ።"

መድኃኒቱ አልነበረም። የጻፉት አራት ዓይነት ነበር፤ እንክብሎቹ እኛው ዘንድ ይገኙ ነበር። ዋናው መርፌ፣ ቪንብላስቲን የሚባለው፣ በአስመራ በየትኛውም መደርደሪያ ላይ አልነበረም። አዲስ አበባ የቀረ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነበረኝና ደወልኩለት። ከየት ከየት እንደሚያገኘው አልነገረኝም። ጠርሙሶቹን በበረዶ በተሞላ ቴርሞስ አሽጎ በአውሮፕላን ከሚመጣ መንገደኛ ጋር ይልክልኝ ጀመር። መድኃኒቱ ከቅዝቃዜ መውጣት የለበትም። አውሮፕላን ጣቢያ ሄጄ ቴርሞሱን ከማላውቀው ሰው እጅ እቀበልና በታክሲ እንደ ሕፃን ታቅፌው እመለሳለሁ።

ሠራ። በዓይኔ ያየሁት ነው። በሁለተኛው ሳምንት እብጠቱ መጉደል ጀመረ፤ በሁለተኛው ወር መጨረሻ በጣት ብንፈልገው ጠፋን። ፀጉሯ ረግፎ ሻሽ አሰረች፤ አፏ ቆስሎ ለብ ያለ ሻሂ ብቻ የምትጠጣበት ቀን ነበረ። ግን ክብደቷ ተመለሰ። ግምጃ ቤቷም ተመለሰች፤ ዳይሬክተሩ ሦስት ጊዜ "ቤትሽ እረፊ" ብሏት ሦስት ጊዜ እምቢ አለችው።

ያቺን እሑድ እስካሁን እረግማታለሁ። እኅቴና ባሏ ቪላጆ ጀኒዮ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ የጣሊያን ቪላ ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ነበር የሚኖሩት። ባሏ ከምጽዋ አስመራ የሚመላለስ የከባድ ማኪና ሾፌር ነው። ልጅ አልወለዱም። ከዓመታት በፊት ከምጽዋ አንዲት ሮዝ አበባ ያላት ቁጥቋጦ በዘይት ቆርቆሮ ተክሎ አምጥቶላት፣ ከዚያች አንዲት አሥር ቆርቆሮ አፍርታ በፀሐይ በኩል ባለው ግንብ ሥር ደርድራቸው ነበር። ምጽዋ ላይ በየግንቡ ሥር በአሸዋ ውስጥ የምትበቅል፣ ፍየል እንኳ የማይነካት አበባ ናት። ጣሊያኖቹ ፐርቪንካ ይሏታል። እኅቴ የአማርኛ ስሟን ሁልጊዜ ትፈልግ ነበር፤ አላገኘችላትም።

ከቅዳሴ መልስ ግቢው ውስጥ ተቀምጠናል። ደስ ብሎናል። ደስታዬ አናቴ ላይ ወጥቶ ኖሮ ዕውቀቴን ላሳይ ፈለግሁ።

"ያ መርፌሽ ከምን እንደሚሠራ ታውቂያለሽ?" አልኳት።

"ከመርዝ" አለች እየሳቀች። "አፌን አየኸው አይደል?"

"ከእነዚህ ነው" አልኩና ቆርቆሮዎቹን አሳየኋት። "ከዚህች አበባ ቅጠል።"

መጀመሪያ የምቀልድ መስሏት ነበር። ከዚያ ተነሥታ አንዲት ቅጠል ቀጠፈች፤ አገላብጣ አየቻት፣ አሸተተቻት። ፊቷ ላይ የማላውቀው ነገር መጣ። ለዓመታት ጠዋት ጠዋት ውኃ ያጠጣችው ነገር የሚያድናት መሆኑ ነበር የገረማት። ባሏ ወንበሩን አስጠጋ።

"እንዴት አድርገው ነው የሚያወጡት?" አለኝ።

"ቀላል አይደለም" አልኩት፤ እኔ ሞኙ ማብራራቱ ጣፈጠኝ። "በቅጠሉ ውስጥ ያለው እጅግ ትንሽ ነው። ለአንዲት ጠርሙስ የሚሆነውን ለማግኘት የአንድ ከባድ ማኪና ጭነት ቅጠል ቢያልቅ አይገርምም።"

"ማኪናውስ አለኝ" አለ።

ሦስታችንም ሳቅን። እኔ ጮክ ብዬ ነበር የሳቅሁት።

ሦስተኛው ቴርሞስ የመጣው ሕዝቡ በነጻነቱ ላይ ድምፅ በሚሰጥበት በሪፈረንደሙ ሰሞን ነው። እስከዚያ የነበሩት የጉምሩክ ሰዎች ያውቁኝ ነበርና ቴርሞሱን ከፍተው አይተው ይለቁኝ ነበር። ያን ሐሙስ የቆመው አዲስ ሰው ነበር፤ ከሜዳ የገባ ታጋይ፣ ሥራውን ከጀመረ ሳምንት ያልሞላው። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ጠርሙሱን አንሥቶ ጽሑፉን በጥንቃቄ አነበበና የአደገኛ መድኃኒት ምልክቱ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

"ሓወይ፣ ይሄ መድኃኒት ነው ወይስ መርዝ?" አለኝ።

"ሁለቱም ነው" ብዬ እውነቱን ተናገርኩ።

"እንግዲያው ከሚኒስቴሩ ማኅተም ያለው ወረቀት አምጣ።"

ለመንኩት፤ በረዶው እንደሚቀልጥ ነገርኩት፤ የሆስፒታል መታወቂያዬን አሳየሁት። "ኣይፋል፣ አይሆንም" አለኝ በትሕትና። "ትናንት የነበረው እንደዚያ ይሆናል። አሁን ሕግ አለን።" አገራችን ሕግ በማግኘቷ ደስ እያለው ነበር የሚናገረው፤ እኔም በሌላ ቀን ብሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ወረቀቱን መፈረም የሚችሉት ኃላፊ ለሪፈረንደሙ ሥራ ገጠር ወጥተዋል። ዓርብ አልተመለሱም። ቅዳሜና እሑድ ቢሮ የለም። ሰኞ ገቡ ተባለ፤ ስብሰባ ነበራቸው። ማክሰኞ ጠዋት ፈረሙልኝ፤ "ይሄን ለምን ቶሎ አላመጣኸውም?" ብለው ተቆጡኝ። አውሮፕላን ጣቢያ ስደርስ ያ ታጋይ ቴርሞሱን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ካለች መጋዘን አወጣው። ዙሪያውን በፕላስተር አሽጎታል። "ማንም አልነካውም" አለኝ በኩራት። ስከፍተው በረዶው ለብ ያለ ውኃ ሆኗል፤ የጠርሙሶቹ ወረቀት ተላጦ ተንሳፍፏል።

ሐኪሙ ጠርሙሶቹን አይተው ወደ እኔ ገፉልኝ። "ምን ትላለህ? በዚህ ባለሙያው አንተ ነህ።"

ሌሊቱን ሳልተኛ ያደርኩበት ጥያቄ አልነበረም፤ ወዲያው ነው የመለስኩት። መጽሐፉ ከማቀዝቀዣ አይውጣ ይላል። የተበላሸ መድኃኒት በደም ሥር የሚሰጥ ባለሙያ አይደለም፤ በራሱ እኅት ደም ሥር የሚሰጥማ ሰውም አይደለም። እንደዚያ ነበር የተማርኩት። ጠርሙሶቹን ባንኮው ላይ ደርድሬ አንድ በአንድ ከፍቼ ደፋኋቸው።

ለእኅቴ ነገርኳት።

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

"አንዲት እንኳ አላስቀረህም?"

"የተበላሸ ነው አልኩሽ እኮ።"

"እሺ" አለች። ከዚያ በኋላ ስለ መርፌው አልጠየቀችኝም። አለመጠየቋን ትዕግሥት ነው ብዬ ወሰድኩት።

ጓደኛዬ አዲስ አበባም መድኃኒቱ እንደጠፋና ሳምንታት ሊወስድ እንደሚችል ነገረኝ። ከወር በኋላ ሽምብራዋ በነበረችበት ቦታ ተመለሰች። እኅቴ ግን አልደነገጠችም፤ እንዲያውም ስሄድ ፊቷ በርቶ አገኛታለሁ። ትጠይቀኝ የነበረው ሌላ ሌላ ነገር ነው፤ ስለ ሥራዬ፣ ስለ ማግባቴ። ከዚያ ሆዷ ደረቀ፤ የበላችው አልረጋ አላት። አንድ ቀን የሹራቧን ቁልፍ መቆለፍ አቅቷት ባሏ ሲቆልፍላት አየሁ። "ጣቶቼ ደነዘዙ" አለችኝ። በሽታው ነው አልኩ። ያን ሁሉ ምልክት በመጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። ቪንብላስቲንና ዘመዶቹ ሰውነት ውስጥ ሲበዙ እንዲህ ያደርጋሉ። ግን መርፌ አልወሰደችም፤ ስለዚህ አላሰብኩትም።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሳልናገር ሄድኩ። በሩ ክፍት ነበር። ፎርኔሎው ላይ የአሉሚኒየም ድስት ይንተከተካል፤ ቤቱ እንደታጨደ ሣር ይሸታል። ባሏ ወንፊት ይዞ ቆሟል። ጥግ ላይ አፉ የተከፈተ ትልቅ ጆንያ ነበር፤ በቅጠል የተሞላ። ግቢው ውስጥ ያሉት ቆርቆሮዎች ግንድ ብቻ እንደቀሩ ያየሁት ያኔ ነው።

እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። አልደበቀችም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኳት።

"ጠርሙሶቹን ከደፋህ ጀምሮ።"

ጮህኩ። ምን እንዳልኩ ሁሉ አላስታውስም፤ መርዝ ነው ማለቴን አስታውሳለሁ። ጩኸቴ እስኪያልቅ ጠበቀችኝ። ከዚያ ለተማሪ በምትናገርበት ድምፅ፣ "ተቀመጥ" አለችኝ። "አስረዳኝ። ጠርሙስ ውስጥ ያለው መድኃኒት ከሆነ ቅጠሉ ውስጥ ያለው እንዴት መርዝ ይሆናል? አንተ አይደለህ አንድ ነው ያልከኝ?"

"አንድ ነው፤ ግን ብቻውን አይደለም። በቅጠሉ ውስጥ ሌላ ብዙ ነገር አለ። ፋብሪካው ያንን ሁሉ ያስወግዳል፤ የቀረውን ይመዝናል። በድስት አይመዘንም። ዛሬ ምንም፣ ነገ ብዙ ልትጠጪ ትችያለሽ። የሚፈለገው ደግሞ በሻሂ መልክ ሲጠጣ እብጠቱ ጋ አይደርስም።"

"ስለዚህ ነው ብዙ ያመጣሁት" አለ ባሏ። "ብዙ ይፈልጋል ብለሃል።"

አየሁት። እየቀለደ አልነበረም። ከምጽዋ ዳገቱን ሲወጣ ከጭነቱ ላይ ጆንያውን አስሮ፣ ቅጠሉ እንዳይጠወልግ በየመንገዱ እየቆመ ውኃ ይረጭበት ነበር። ጠዋት ጠዋት በእጁ ያጥበዋል። ዕውቀቴን ያሳየሁባትን እያንዳንዷን ቃል እንደ ሐኪም ትእዛዝ ይዟታል።

ድስቱን አንሥቼ ግቢው ውስጥ ደፋሁት። እኅቴ ከኋላዬ፣ "መድፋት ትችላለህ አንተ" አለች። ስድብ ስትፈልግ ወደ ትግርኛ የምትሄድ ሰው ናት፤ ይህን ግን በአማርኛ ነው ያለችኝ።

ከሁለት ቀን በኋላ ትኩሳት ያዛት። ሆስፒታል ስናስገባት ነጩ የደም ሕዋስ ተሟጥጦ አልቋል ተባለ፤ ሳንባዋ ላይ ኢንፌክሽን ወርዷል። ሐኪሙ ምን ስትወስድ እንደነበር ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

"ከቅጠሉ ነው?" አልኳቸው።

"ሊሆን ይችላል። በሽታውም መቅኒዋ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ሊሆን ይችላል።"

"እንዴት ማወቅ ይቻላል?"

"እዚህ? አይቻልም።"

በአራተኛው ቀን አዲሱ ቴርሞስ ደረሰ። ወረቀት አስቀድሜ አዘጋጅቼ ስለነበር ያ ታጋይ ሰላምታ ሰጥቶ አሳለፈኝ። በረዶው እንደ ድንጋይ ነበር። ቴርሞሱን ይዤ በመኝታ ክፍሉ መሐል፣ በጠያቂዎች ፊት ሳልፍ ሁሉም አየኝ። ሐኪሙ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደሟ በወረደበት ሁኔታ ያንን መርፌ መስጠት መግደል ነው። ጠርሙሶቹን ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተትኳቸው። የሚሰጣት የኢንፌክሽን መርፌ ብቻ ነበር።

ከማረፏ በፊት በነበረው ቀን ረፋድ ላይ ከእሷ ጋር ብቻዬን ነበርኩ። ድምፅዋ ቀጥኗል።

"እሱን አንዳች ነገር እንዳትለው" አለችኝ።

"ማንን?"

"ባሌን። አምጣልኝ ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። አልቅሶ እምቢ ብሎኝ ነበር። ቃል ግባልኝ።"

ቃል ገባሁ። ስለ እኔ ምን ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። ሰው ሲገባ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ በማግሥቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አረፈች።

በሐዘኑ ድንኳን ውስጥ ቃሌን ጠበቅሁ። በሁለተኛው ቀን፣ የትምህርት ቤቱ መምህራን ሁሉ ተቀምጠው ሳለ፣ ባሏ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ፊቴ ቆመ።

"ቅጠሉን ያሳየሃት አንተ ነህ" አለኝ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። "ስትጠጣው እየተሻላት ነበር። መጥተህ ደፋህባት፤ በሁለተኛው ቀን ወደቀች። ሆስፒታል ወስዳችሁ መርፌ ወጋችኋት፤ ሞተች። እኔ የማውቀው ይሄን ነው።"

ሰዎች ያዙት፤ አስቀመጡት፤ "ሐዘን ነው፣ ይቅር በለው" አሉኝ። መልስ ነበረኝ። ከጆንያው ጀምሬ መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም። ዝም ስል ደግሞ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ዝምታዬን ጥፋትን እንደ ማመን ወሰደው፤ ከፊታቸው አየሁት።

ወሬው ከዚያ ድንኳን ወጣ። በአንድ ክረምት ውስጥ እንዴት ሙሉ ሰው ሆኖ እንደሚራመድ ያየሁት ነው። መጀመሪያ "ያቺ መምህር ቅጠል ጠጥታ ሊሻላት ነበር" ተባለ። ቀጥሎ፣ "ወንድሟ ፋርማሲስት ነው፤ ራሱ ነው የሰጣት" ሆነ። በመስከረም፣ ገበያ ውስጥ ሥራሥርና ቅጠላቅጠል ከሚሸጡት መሐል አንዱ የዚያችን አበባ ቅጠል አድርቆ በትንንሽ ወረቀት ይሸጥ ጀመር። ሄጄ አነጋገርኩት። ማንነቴን ሳልነግረው ለምን እንደሚሆን ጠየቅሁት። "ለካንሰር" አለኝ። "በመጠጣት የሚከላከልም፣ የያዘውንም የሚያድን። ሆስፒታል የሚሠራ አንድ ባለሙያ ለእኅቱ የሚሰጠው ነው።" አንድ ወረቀት ገዛሁ። ለምን እንደገዛሁ አላውቅም፤ መንገድ ላይ ጣልኩት።

በዚያው ዓመት ለሥራ አዲስ አበባ ሄጄ ጓደኛዬን ለማመስገን ቤቱ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኩት። ጉምሩኩ ላይ ስደርስ አቋረጠኝ።

"ስንት ቀን ቆየ?"

"አምስት።"

"እና ደፋኸው?" ብርጭቆውን አስቀመጠ። "አምስት ቀን እኮ ምንም አይለውም። እኛ ጋ መብራት ሲጠፋ ከዚያ በላይ ከርሞ እንሰጣለን። ፋብሪካውም የሚፈቅደው ነገር ነው፤ ጠይቀኸኝ ቢሆን..." ፊቴን አየና ብርጭቆውን መልሶ አነሣ። "እርግጥ የመጋዘኑ ሙቀት ምን ያህል እንደነበር አይታወቅም" አለ። ደግ ሰው ነው።

ስልክ ነበረ። ያን ማክሰኞ ቢሮዬ ውስጥ፣ ከጠረጴዛዬ ላይ፣ ስልክ ነበረ። አልደወልኩም፤ የማውቀው መስሎኝ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ይመስለኛል፣ አንዲት ነጭ ነጠላ የለበሱ እናት የመድኃኒት ቤታችን መስኮት ላይ መጡ። ማዘዣ አልያዙም። ወረፋው እስኪያልቅ ጠብቀው ጠጋ አሉ።

"ልጄ የጡት በሽታ ይዟታል" አሉኝ በሹክሹክታ። "ስንት ቅጠል ነው በአንድ ጊዜ የሚቀቀለው?"

"አደይ፣ ያ ቅጠል አያድንም" አልኳቸው። "ይጎዳታል። ወደ ሐኪም ይውሰዷት፤ እኔ ራሴ አስገባታለሁ።"

"ለእኅትህ ሰጥተህ የለም እንዴ?"

"አልሰጠኋትም። ደግሞም እኅቴ ሞታለች።"

"እወ፣ ሰምቻለሁ፤ ነፍስ ይማር" አሉ። "የገደላት ግን መርፌው ነው ይላሉ እንጂ ቅጠሉ አይደለም።"

አይደለም ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ቅጠሉ ነው ብዬ መማል ግን አልቻልኩም። ሐኪሙም አያውቁትም፤ እኔም አላውቅም። የገደላት ጠርሙሶቹን መድፋቴ ነው ብል ደግሞ ለእኚህ እናት ምን ይጠቅማቸዋል? መልስ ስፈልግ እሳቸው ፊቴን እያነበቡ ነበር፤ የሚፈልጉትን አነበቡበት።

"ለራስህ ሰው ሲሆን መጠኑን ታውቀዋለህ" አሉ፤ ሳይቆጡ፣ እንደለመዱት ነገር። "የቐንየለይ ወደይ" ብለው አመስግነውኝ ሄዱ።

ከመስኮቱ ዞር ብዬ በበሩ ወጣሁ፤ ግቢው መሐል ደረስኩባቸው። ክንዳቸውን ይዤ ሐኪሙ ያሉበትን ክፍል አሳየኋቸው፤ ልጃቸውን ነገ ጠዋት እንዲያመጧት፣ ወረፋ እንደማይጠብቁ ነገርኳቸው። እሺ አሉ። ሁለት ጊዜ እሺ አሉ። ከበሩ ሲወጡ ወደ ገበያ በሚሄደው አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሙ። በማግሥቱ ጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት በሩን እያየሁ ሠራሁ። አልመጡም።